ስለ አሥራ ሁለቱ ሲም ካርዶች ከወ/ሮ ኢዝሜን ፊልዮ የተወሰደ ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ኢዝሜን ፊልዮ
ዕድሜ፦ 51
ሥራ፦ የተጠበሰ ሙዝ ሻጭ
አድራሻ፦ ሄይቲ፣ ደቡብ ክፍለ ሀገር፣ አንስ ሮሾ የባሕር ዳር መንደር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ ኖቬምበር 14 ቀን 2024፣ ከጠዋቱ 4፡10

በቁጥጥር ሥር ያለችው ማዳም ዊልነር ጎረቤቴ ናት፤ የሚለየን አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ደም ግፊት አለባት፤ ከሰኞ ጀምሮ መድኃኒቷን ስላልዋጠች እግሯ አብጧል። ልጇ ሚርላንድ መንታ ወልዳ እሷው ቤት ተኝታለች፤ አሁን ትኩስ ነገር የሚያቀርብላት የለም። ይህን ያስቀደምኩት መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ብዬ ነው።

ስለ ጉዳዩ ተጠይቄ፦ የእርዳታ ድርጅቱ ቀድሞ ሩዝና ዘይት በመኪና ያመጣልን ነበር። ታጣቂዎች መንገዱን ከዘጉት ወዲህ በየወሩ በስልካችን ገንዘብ ይልክልናል። ገንዘቡስ ይመጣል፤ መንደሩ ውስጥ ግን የሚገዛ የለም። ሱቁ ላይ የቀረው ሳሙናና ክብሪት ነው። ስልክ ተቀቅሎ አይበላ ነገር።

አሥራ ሁለት ሴቶች ዕቁብ አለን፤ ዳኛዋ እኔ ነኝ። የዚህ ወር ዕጣ ለማዳም ዊልነር ደረሰ። እሷ ነጋዴ ስለሆነች፣ በዕቁቡ ገንዘብ ከተማ በጀልባ ሄዳ ሩዝና ቦሎቄ ጭና ልትመጣልን ከባለ ጀልባው ጋር ተስማማች። የገንዘብ ከፋዩ ወኪል ሱቅ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ስለሆነ፣ ሁላችንም ከምንደክም እሷና እኔ እንድንሄድ ቅዳሜ ዕለት በረንዳዬ ላይ ተመካከርን። ሲማችንን ከየስልካችን አወጣን፤ የሚስጥር ቁጥሩን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፍን። በመሐረብ ቋጥሬ በእጇ ያስጨበጥኳት እኔ ነኝ። ዕቁብ እንዲህ ነው፤ ዕጣ ለደረሳት ሰው ግማሽ ልብ አይሰጥም።

ሰኞ ኖቬምበር 11 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ወኪሉ ዘንድ ደረስን። አራተኛውን ሲም ስልኳ ውስጥ ስታስገባ ወኪሉ "እትዬ፣ እርስዎ ስንት ሰው ነዎት?" ብሎ ቀለደባት። እሷም "አሥራ ሁለት ነኝ፤ ምሳ ብትጋብዘኝ ትከስራለህ" አለችው። ተሳሳቅን። ሰባተኛው ላይ ግን ክፍያው ተዘጋ። ድርጅቱ ዘንድሮ ያስገባው አዲሱ መቆጣጠሪያ በአንድ ስልክ ለብዙ ሰው ሲከፈል በራሱ ይዘጋል ተባልን። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የድርጅቱ ተቆጣጣሪ ሙሲዬ ፍሪትስነር በሞተር ደርሶ "የድሆችን ገንዘብ ትለቅሚያለሽ!" ብሎ ጮኸባት። እኔም "ሙሲዬ፣ ድሆቹ እኛው ነን፤ እኛን ጠይቀን እንጂ" አልኩት። "ሲም ለሌላ ሰው መስጠት ክልክል መሆኑ አልተነገራችሁም?" አለ። እውነት ነው፣ ተነግሮናል፤ ፈርመናልም። እኛ ግን ዕቁባችንን እንደ ሌላ ሰው አላየነውም። ፖሊስ ጠርቶ አስያዛት።

ባለ ጀልባው ነገ ዓርብ ይነሳል። ከዚያ ወዲያ ነፋሱ ስለሚከብድ እስከ ወር ድረስ አይወጣም። እሷ ካልተሳፈረች መንደሩ ባዶ ድስት ይዞ ይከርማል፤ እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው።

ዛሬ ከቤት ሳልወጣ ከዕቁብተኞቹ አንዷ መጥታ "እህቴ፣ በልጆቼ ይዤሻለሁ፣ ስሜን እንዳትጠሪ፤ ከእርዳታው ዝርዝር ከተፋቅኩ ምን አበላቸዋለሁ?" አለችኝ። እሷ እንደወጣች ሌላዋ ዕቁብተኛ፣ አሮጊቷ ማዳም ኤሊፋት፣ በምርኩዝ መጡ። "ዳኛ ነሽ ጨው? ዝናብ ሳይነካሽ ሟሟሽ እኮ! ተነሽ!" አሉኝ። ተነስቼ መጣሁ።

የሌሎቹን ሴቶች ስም ተጠይቄ አልተናገርኩም። ማዳም ኤሊፋትና ሦስት ሴቶች ከጣቢያው አጥር ሥር ተቀምጠዋል፤ ከራሳቸው አፍ ይሰማ። ስድስቱ አልመጡም፤ አልፈርድባቸውም። ከዝርዝሩ የሚፋቅ ካለ እኔ ልፋቅ፤ ሲሞቹን የሰበሰበችው እጅ ይህቺ ናት።

ቃሌ ተነቦልኝ ሰምቻለሁ። "ሲሞቹን ወሰደች" ተብሎ የተጻፈው "ሰጠናት" በሚል እንዲታረም ጠይቄ ታርሟል። የቀረው እንደተናገርኩት ነው፤ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ኢዝሜን ፊልዮ
ቃሉን የተቀበለው፦ ኢንስፔክተር ኦዲልነር ፕቲፍሬ (ፊርማ)