ሳያነቡ እሺ

ከአውቶቡስ ተራ በተሳፈርኩበት ታክሲ ውስጥ አንድ የሸማ ተራ ነጋዴ የቤታቸውን ኮምፒዩተር በጋቢ ጠቅልለው ታቅፈዋል። ከጎናቸው የተቀመጠው ወጣት ኮምፒዩተር እንደሚጠግን ነገራቸውና ጠየቃቸው።

«ምን ሆነብዎት ጋሼ?»

«ኢንተርኔቱን ስከፍተው ደርቆ ይቀራል። ብጫነው ብጫነው አይሰማም፤ እንደ ሰነፍ አህያ ቆሞ ያየኛል!»

«ሌላው ይሠራል?»

«ይሠራል። ኢንተርኔቱን ልጄ ናት ያበላሸችው። ትናንት በጥፊ አልኳት፤ እስካሁን አታናግረኝም።»

«ሲከፍቱት የሚጠይቅዎት ነገር አለ?»

«አለ እንጂ፣ በእንግሊዝኛ! በየደቂቃው ይጠይቃል።»

«እርስዎስ ምን ይሉታል?»

«እሺ ነዋ! እሺ የሚባልበትን ልጄ አሳይታኛለች።»

«ምን እንደጠየቀዎት ሳያውቁ?»

«እምቢ ብዬው ቢዘጋብኝስ?»

«ጋሼ፣ ሌላ ኮተት ፕሮግራም ልጨምርበት ወይ እያለ ነው የሚጠይቅዎት። እሺ ባሉት ቁጥር ይጭንበታል። ያን ሁሉ ተሸክሞ እንዴት ይሂድ? ኮተቱን አራግፌ እሰጥዎታለሁ፤ ልጅቷ ግን ምንም አላጠፋችም።»

«እና እኔ ነኝ ያበላሸሁት?»

«እርስዎ ነዎት።»

«አፍህን ዝጋ! በየቢሮው ስንት ወረቀት ፈርም ብለው ሰጥተውኛል፤ አንዱንም አንብቤ አላውቅም። እሺ እያልኩ ነው ልጆች ያሳደግኩት! እሺ ማለት ከመቼ ወዲህ ነው ጥፋት የሆነው?»

«ልጅዎን ከመቱ ወዲህ ነዋ!»

እኔ በጎልማሳነቴ ፊደል እስክቆጥር ድረስ ቀለም እያስነከሩ በየወረቀቱ ያስፈረሙበትን አውራ ጣቴን ኪሴ ውስጥ ጨብጬ፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ወረድኩ።