የወተቱ ክፍል በር

በር በመዝጋቴ ልሞት ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? መካነ ሰላም ሰባተኛ ክፍል ሳስተምር፣ ከትምህርት በኋላ ራብ የጎዳቸውን ልጆች አስቀርቼ፣ ከእርዳታ የመጣ የዱቄት ወተት እያጠጣሁ ሒሳብ አስጠናቸው ነበር። የተራበ ሰው እያየ መጠጣት ነውር ስለሆነ በሩንም መስኮቱንም እዘጋለሁ። አንድ ቀን የቀበሌው አብዮት ጠባቂ በሩን በርግዶ ገባና ጠመንጃውን ደረቴ ላይ ደገነ።

"ዘግታችሁ ምንድን ነው የምትዶልቱት?"

ዘይነባ የምትባል ተማሪዬ ኩባያዋን ዘረጋችለት፤ "ወላሂ ጋሼ፣ ወተት ነው። ይቅመሱት።"

ኩባያውን አሽትቶ መለሰላት። "ከነገ ጀምሮ ክፍት ይሁን። ተዘግቶ ባገኘው ወዮልህ!" ብሎኝ ወጣ። ተረፍኩ ብዬ እንዴት እንደተነፈስኩ!

በማግስቱ በሩን ከፍቼ ወተቱን ቀድቼ ቀና ስል፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ደጃፉን ሞልተውታል። አንዳቸውም አይለምኑም፤ ዝም ብለው ያያሉ። ከኋላቸው አብዮት ጠባቂው ጠመንጃውን አንግቶ እኔን ያየኛል። ልጆቹ ኩባያቸውን እንደያዙ አቀርቅረዋል፤ የጠጣ የለም። ዘይነባ ጠጋ ብላ እጄን ያዘችኝ።

"ቲቸር፣ በአላህ ይዝጉት" አለችኝ፤ "እናቴም መጥታለች።"