የሻዩና የመርዙ ጠርሙስ

የነርስ ዊኒፍሬድ የብስክሌት ጎማ ባይተነፍስ ኖሮ፣ በዚያ የድርቆሽ አጨዳ ቀን አክስቷ የወይዘሮ ሄስተር ደጃፍ ላይ ባልቆመች ነበር። ወይዘሮ ሄስተር «ዘመድ የሚጠየቀው ጎማ ሲተነፍስ ነው?» ብለው ሊወርፏት ሲሉ፣ የልጅቷ ዓይን መደርደሪያው ላይ ተተከለ።

«አክስቴ፣ ይሄ ጠርሙስ ምን ይዟል?»

«የበግ መዥገር መርዝ ነዋ። እሱን መሳይ የሻዩን ጠርሙስ አጎትሽ ይዞ ማሳ ወርዷል።»

«ሌብል የለውም እኮ!»

«ምን የለውም?»

«ውስጡ ያለውን የሚናገር ወረቀት። የማርመላታ ብልቃጥ ላይ እንለጥፋለን፣ የተማሪ ካፖርት ላይ እንሰፋለን። ዕቃ አፍ የለውም፤ አፉ ሌብሉ ነው።»

«አፍስ ለአንቺ ተሰጥቶሻል! ሻይ በበሩ በኩል፣ መርዝ በግድግዳው በኩል፤ አርባ ዓመት በቦታው ለይቻለሁ።»

ቁጣቸው የወረቀቱ አልነበረም። ወይዘሮ ሄስተር ፊደል አይለዩም፤ ይህንንም ከባላቸው በቀር የሚያውቅባቸው የለም።

«መደርደሪያውን ሌላ ሰው ቢነካውስ?»

«ማን ይነካዋል? ዛሬ ጠዋት እንኳ እኔው ጠርሙሶቹን አውርጄ፣ መደርደሪያውን ፈግፍጌ፣ ስመልሳቸው…» ቃሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ። የመደርደሪያውን ጠርሙስ ቡሽ ነቅለው አሸተቱ። ሻይ ነው።

«አምብሮዝን ገደልኩት!»

ሽርጣቸውን ሰብስበው ቁልቁል ሮጡ። አጫጆቹ አጥሩ ጥግ ዳቦና አይብ ይበላሉ። አቶ አምብሮዝ ባርኔጣቸውን ፊታቸው ላይ ደፍተው ተዘርረዋል፤ ጠርሙሱ ከጎናቸው አለ።

«አምብሮዝ!»

ወይዘሮ ሄስተር ባርኔጣውን ገፈፉት።

«ምን ሆንሽ አንቺ ሴት? ሰው አይተኛም?»

«ጠጣህ?»

«የጎረቤታችን የፖም ጠጅ ቀደመው። ሻይሽን አሁን ልከፍተው ነው።»

ጠርሙሱን ነጥቀው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ያዙት፤ አለቀሱ።

ባልና ሚስቱ ቤት ሲመለሱ ዊኒፍሬድ በርጋታ ተናገረች። «ሰው ይደክማል፣ ይዘነጋል። ሌብል ግን ጠርሙሱ በሄደበት አብሮት ይሄዳል። እርስዎ ባይኖሩም ለእንግዳውም ለልጁም ይናገራል።»

«ለእኔስ?» አሉ ወይዘሮ ሄስተር አቀርቅረው። «ፊደል አልቆጠርኩም።»

ዊኒፍሬድ አልሳቀችም። «ቀይ ክር እናስርበታለና! እሱም ሌብል ነው።»

እሷ ጽፋ ለጠፈች፤ አቶ አምብሮዝ «መርዝ» ብለው ጮክ ብለው አነበቡ። ወይዘሮ ሄስተር ክሩን የጠርሙሱ አንገት ላይ ሦስቴ ቋጠሩት። ከዚያ ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አሳረፉ።

«ይህች የመጀመሪያዋ» አሉ፣ «ማን ትባላለች?»