ለጃፓኑ ሬስለር የተሳለ ጃንጥላ

ከሸዋ ሮቢት ወደ አጣዬ በሚሄደው ሚኒባስ፣ ሁለት ጎልማሶች እግራችን ሥር አዲስ ጃንጥላ አጋድመው ከጎኔ ያወራሉ።

«የአሜሪካ ሬስሊንግ ወሬ ይበዛበታል። ጃፓኖቹ ግን የምር ይደባደባሉ።»

«አባዬም እንዲያ ይል ነበር። ያ የሚወደው ጃፓናዊ ሬስለር አንገቱን ተጎድቶ በቃሬዛ ሲወጣ፣ እንዲድንለት ለሚካኤል ጃንጥላ ተሳለ።»

«ጉድ በል! ለሬስለር?»

«እኔም ስቄ ‹ድራማ እኮ ነው፣ አባዬ› አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሬስሊንግ የሚያይበት ቪዲዮ ቤት ደርሶ አያውቅም። በጥር ቀበርነው።»

«ጃፓኑስ?»

«ባለፈው ሳምንት ተመልሶ ገጠመ። አሸነፈም።»

«እና ይሄ ጃንጥላ...»

«የአባዬ ስለት ነው። ላስገባለት ነው።»

«አሁንም ድራማ ነው ትላለህ?»

«ተወኝ እስቲ።»

ቪዲዮ ቤት ሙሉ ሰው «ውሸት ነው!» እያልኩ የማናድደው እኔ ሽማግሌው፣ ጃንጥላውን እንዳልረግጥ እነዚህን የማይታዘዙ እግሮቼን እስከ አጣዬ አጥፌ ሄድኩ።