ባትያ ተብለው የተረጋገጡት የወይዘሮ ባንች ዘመዱ ሕይወት

ልቅሶ ለመድረስ የመጣችሁ ሁሉ ዐረፍ በሉና ስሙ፤ በሕይወት ሳሉ ስልክ የዘጋችሁባቸውን ሰው ዛሬ እስከ መጨረሻው ልትሰሟቸው ግድ ነው።

ወይዘሮ ባንች ከአባታቸው ከአቶ ዘመዱ ወርቅአፈራሁና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጀ ውበቱ የዛሬ ስድሳ አምስት ዓመት ግድም በጎንደር ወገራ ተወለዱ። በልጅነታቸው ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሱም። ታናሽ ወንድማቸው በሱዳን በኩል ከወጣ በኋላ ነፍሳቸውን ይማርና አቶ ቃኘውን አግብተው ዛሬ አቪሻይና ኖአ የሚባሉትን ልጆች ወለዱ፤ በፈረንጆቹ 1991ም ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደዚህ አገር፣ ወደ እስራኤል ገቡ። የመዘገበቻቸው ሴት «ባንች» የሚለው ስም አልያዝ ቢላት «ባትያ» ብላ ጻፈች፣ የባላቸውንም አያት ስም የቤተሰብ ስም አድርጋ ለጠፈችባቸውና በተዑዳት ዜሁታቸው፣ በመታወቂያቸው ላይ፣ «ባትያ ተሰማ» ሆነው ቀሩ። በዚያ ስም የጠራቸው ዘመድ የለም፤ ከሐኪም ቤት ወረፋ በቀር።

በኡልፓን፣ በአዲስ ገቢዎች የቋንቋ ትምህርት ቤት፣ ዕብራይስጥ ተምረው፣ አሥራ ስምንት ዓመት የኢር ያሚም ሰፈርን ፎቆች ደረጃ አጥበው፣ ጉልበታቸው ሲደክም ሺኩን ቫቲኪም ሰፈር ካለው ቤታቸው በርበሬና ሽሮ እያዘጋጁ መሸጥ ጀመሩ። አቪሻይ «የባንች ጓዳ» የሚል ድረ ገጽ ከፈተላቸውና ከአሽቀሎን እስከ አፉላ ያለ ሰው ማዘዝ ጀመረ። ኋላ በሌላ ነጋዴ ስም አጭበርባሪዎች የሐሰት ገጽ ከፍተው ብዙ ሰው ስለከሰረ፣ ደንበኛ እንዲተማመን የገጹ ባለቤት ማንነት ይረጋገጥ ተባለ። ወይዘሮ ባንችም ነጠላቸውን አጣፍተው ካሜራ ፊት ተቀመጡ፤ ወደ ቀኝ ዙሩ ሲባሉ ዞሩ፣ ወደ ግራ ሲባሉም ዞሩ፣ መታወቂያቸውን ደረታቸው ላይ ያዙ። በሳምንቱ ገጹ ላይ አረንጓዴ ምልክት ወጣ፤ ከሥሩም «ባለቤትነቷ የተረጋገጠ፦ ባትያ ተሰማ» የሚል።

ወይ ጉድ! እውነቱ ተመርምሮ ሲወጣ ሰው ሐሰት መሰለው። ባትያ የምትባል ሌባ የባንችን ጓዳ ነጥቃለችና ማንም እንዳይገዛ የሚል ጽሑፍ በዋትስአፕ ተላከ፤ እናንተም ያልጠረጠረ ተመነጠረ እያላችሁ ከስልክ ስልክ አዳረሳችሁት። ራሳቸው ሲደውሉላችሁ ዛሬ ድምፅም በኮምፒዩተር ይሠራል ብላችሁ ዘጋችሁባቸው። ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚዛመድ ሕዝብ ከአውቶቡስ ጣቢያው አሥር ደቂቃ በእግሩ ሄዶ በራቸውን የሚያንኳኳ አንድ ሰው አጣ። አይ ሰው! ሽሮው ነቀዘ፣ ገጹ ተዘጋ። እሳቸውም ገበያ ሲወጡ ሌባ የሚላቸው እየመሰላቸው ቤት ዋሉ፤ የስኳር ሕመማቸውም ኩላሊታቸውን ጎድቶ አልጋ ላይ ጣላቸው። በዓመቱ ትናንት ማክሰኞ ዐረፉ። ዛሬ ጠዋት መቃብሩ ላይ ባትያ የሚል ሰሌዳ አይታችሁ የተሳሳተ ቀብር የገባችሁ መስሏችሁ ወደ ኋላ ስትመለሱ አይቻለሁ።

ከሞቱ በኋላ አቪሻይ የነገረኝን ላንብብ። የጽሑፉን ላኪ እሱ በወሩ ደርሶበት ለእናቱ ነግሯቸው ነበር፤ እሳቸው ግን ሰውዬው የአገር ሽማግሌ ነው፣ በሕዝብ ፊት አይዋረድ ብለው ለማንም እንዳይናገር አስማሉት። ሰውዬውም ስሕተቱን በሦስተኛው ቀን መታወቂያቸውን አይቶ ዐውቆት ነበር፤ ተሳስቻለሁ ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ሞት ሆኖበት፣ በየሰንበቱ ቤታቸው እየሄደ ምሳ ይበላ ነበር።

ወይዘሮ ባንች ልጆቻቸውን አቪሻይንና ኖአን፣ የልጅ ልጆቻቸውን ሊኢልንና ሺረልን፣ እንዲሁም ያንን ጽሑፍ መጀመሪያ የላከውን፣ አሁንም በፊታችሁ ቆሞ የሚያነብላችሁን ታናሽ ወንድማቸውን፣ እኔን ዋሴን፣ ትተው ሄደዋል። የእስራኤል አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ ጋር ያሳርፍ፤ በአፋቸው ያልነቀፉኝን እኔን ግን ዝም ብሎ አይለፈኝ። አሜን በሉ።