ካንሰሩ ይጹም

ስደተኛ ሐበሻ ከሚበዛባት ከክላርክስተን ከተማ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ውስጥ ሁለት ሴቶች ከፊቴ ተቀምጠዋል፤ አንዷ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ አንዷ ላብራቶሪ የምትሠራ ወጣት።

«ባለቤቴን የደም ካንሰር ይዞታል። መርፌው ከደሙ ውስጥ አሚኖ አሲድ ያጠፋል አሉኝ። ከሥጋ ነው የሚገኘው ሲባል ሥጋውንም እንቁላሉንም ከለከልኩት።»

«እሳቸው ምን እየበሉ ነው ታዲያ?»

«ሽሮ ነዋ።»

«እማማ፣ አሚኖ አሲድ እኮ የፕሮቲን ክፍል ነው፣ ሽሮም ውስጥ አለ!»

«በጾም ምግብ?»

«አዎ። መርፌው የሚያጠፋው ደግሞ አንዱን ዓይነት ብቻ ነው።»

«ለምን እሱን መረጠ?»

«ጤነኛ ሴል ያንን ራሱ ይሠራዋል። የእሳቸው ካንሰር ግን መሥራት አይችልም፣ ከደም ነው የሚለቅመው። ሲያጣ ይሞታል።»

«ሥጋ ቢቀር ካንሰሩ ቶሎ አያጣም?»

«ኖ፣ ባይበሉም ሰውነታቸው ይሠራዋል። ከደም የሚያጠፋው መርፌው ነው። ከስተዋል እንዴ?»

«ሱሪው ከወገቡ እየወለቀ ነው።»

«ዛሬውኑ ለሐኪማቸው ይንገሩ፣ ፕሊስ። መጾም ያለበት ካንሰሩ ነው እንጂ እሳቸው አይደሉም።»



«ትናንት እንቁላል ጥበሺልኝ ቢለኝ ተቆጣሁት።»

እኔም የምሳ ዕቃዬን ከፈትኩና ውስጡ ያለውን የተቀቀለ እንቁላል እስክወርድ ድረስ ሳየው ቆየሁ።