የሰማዩን ሬዲዮ የገዛሁ ዕለት

በእኛ ዘመን ሬዲዮ በቀበሌው አንድ ነበር፤ የባትሪ ድንጋዩ ሲደክም እንደ በርበሬ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ፀሐይ ሲመታው ትንሽ ነፍስ ይዘራል፣ እና ሰው ሁሉ ዜናው ሳያልቅ እንዳይሞትበት እየፈራ ይሰማል። ያኔ አንዱ መጥቶ «በየወሩ እየከፈሉ የሚሰሙት ሬዲዮ አለ» ቢለኝ፣ «ሂድ ወዲያ፣ ለንፋስ ማን ግብር ይከፍላል?» እለው ነበር። ታዲያ እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ መጥቼ ራሴው ገዛሁት። እንዴት አትሉኝም?

ልጄ ብርሃኑ ትራክ ይነዳል፣ ታውቁታላችሁ። ከዚህ ከዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘኑ ጭኖ፣ ኢንዲያናን አቋርጦ፣ ኢሊኖይ ያራግፋል። እና ይቺ እዚህ የተቀመጠችው ምራቴ ሰናይት «አባባ፣ ብርሃኑን ከምሳ በኋላ እንቅልፍ ይጥለዋል፣ እያጫወቱት ይሂዱልኝ» አለችኝ። እኔን! እኔ በሬ ጠምጄ ስውል «ሃ» እና «ዞር» ካልኩ በቂዬ ነው። ብርሃኑን ሳሳድገው የተናገርኩት ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ደብዳቤ አይሞላም። ግን ሄድኩ። ሄድኩና ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ታዲያ አንድ ቀን፣ ኢንዲያና ላይ፣ ምሳ በልተናል፣ መንገዱ እንደ ገመድ ተወጥሯል፣ ግራና ቀኙ ገና ያልተዘራ ጥቁር መሬት ነው፣ ሬዲዮው ለስላሳ ዘፈን ያንቆረቁራል። ዞር ብዬ ሳየው አገጩ ደረቱ ላይ ሊያርፍ ነው። ጎማው የመንገዱን ጠርዝ ነካና «ጉርርርር» አለ። እኔም እንደ በሬ «ሃ!» ብዬ ጮህኩበት። ነቃ፣ መሪውን መለሰ። ሁለታችንም ላብ በላብ ሆንን።

«አቁም» አልኩት።

«እዘገያለሁ እኮ አባባ።»

«አቁም ብያለሁ።»

ማረፊያ ቦታ አቆመና አንድ ሰዓት ተኛ፣ እኔም ጠበቅሁት። አንቺ ሰናይት፣ እንደሱ አትዪኝ። ያን ጊዜ አልነገርንሽም፣ ይኸው ዛሬ ሰማሽ። አለፈ።

ሲነሳ ያንን ሬዲዮ ጠየቅኩት። «ይሄ ነገር ከተማ በራቅን ቁጥር ለምን አይጠፋም?»

«ሳተላይት ሬዲዮ ነው አባባ። ከሰማይ ነው የሚወርደው፣ ስቴት ብንቀይርም አይጠፋም። ድልድይ ስር ወይ ጣራ ስር ስንገባ ብቻ ነው የሚቋረጠው። ከትራኩ ጋር ለሦስት ወር በነፃ ሰጥተውኝ ነው።»

«ከሰማይ ከወረደ የኛን አገር ያሰማል?»

«የኛ አገር ጣቢያ የለውም።»

«እንግዲያ ሰማዩም የአሜሪካ ነዋ!» አልኩና ቁልፉን አዞርኩት። አንድ ሰውዬ እየተቆጣ ያወራል። «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አልኩ።

«የገበሬዎች ጣቢያ ነው። መሬቱ እርጥብ ነው ብላችሁ አትጠብቁ፣ በቆሏችሁን ዝሩ እያለ ነው።»

«እርጥብ መሬት ላይ? ውሸታም! ዘሩ ይበሰብስበታል!»

«ማሽን አላቸው እኮ አባባ...»

«ማሽን ዘር አይደለም!»

እሱ ይመልሳል፣ እኔ እመልሳለሁ፣ ሰውየው በላያችን ያወራል፣ እንዲህ እንደተያያዝን ኢሊኖይ ገባን። አንድ ጊዜ እንኳ አላንቀላፋም። ከዚያ ወዲያ በየጉዞው እንደዚያው ሆነ፤ እሱ ሰውየውን ይተረጉምልኛል፣ እኔ እሟገታለሁ። ታዲያ ሦስት ወሩ አለቀና አንድ ቀን ስለ ጥጃ እየተከራከርን ሬዲዮው ጭጭ አለ። ብርሃኑም «ርካሹን እገዛለሁ፣ ዘፈን ብቻ ያለበትን» አለኝ።

«ያ ዘፈን አይደል ሊገድለን የነበረው?» አልኩት።

ፎረስት ፓርክ ሰፈር፣ እቤታችን ጓሮ ቁጭ ብለን ብርሃኑ ለሬዲዮው ድርጅት ደወለ። ሻጯ ትናገራለች፣ እሱ «ኦኬ፣ ኦኬ» ይላል። ሻጭ እኮ ኦኬ የሚል ሰው ነው የሚወድ! «ስጠኝ» አልኩት። አስተርጓሚ ጠየቀልኝና አንድ አማርኛ የሚናገር ጎልማሳ ገባ።

«ጤና ይስጥልኝ አባቴ።»

«አብሮ ይስጥልን። ስምህ ማነው? አገርህስ ወዴት ነው?»

«መናገር አይፈቀድልንም አባቴ።»

«ስም የሌለው ደላላ!»

«ደላላ አይደለሁም፣ አስተርጓሚ ነኝ።»

«ያው ነው፤ በገዢና በሻጭ መሃል ቆመሃል።»

እኔ መቼም ገበያ የማውቀው የከብት ተራውን ነው። እዚያ ደላላውን ጠጋ ብለህ በጆሮው ትጠይቀዋለህ፣ እሱም ለወገኑ ያደላል። እናም ድምፄን ዝቅ አድርጌ «የኔ ልጅ፣ በእኔና በአንተ ይቅርና፣ የዚህች ሴትዮ የመጨረሻዋ ስንት ነው?» አልኩት። እሱ እቴ! ለሴትዮዋ በእንግሊዝኛ ዘረገፈላት።

«ምን አልካት?»

«ያሉኝን ነዋ አባቴ። የተባለውን ሁሉ መተርጎም ግዴታዬ ነው።»

«በእኔና በአንተ ይቅር ያልኩህንም?»

«እሱንም።»

ሴትዮዋ በሳቅ ፈረሰች። ብርሃኑ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ ገበያ ላይ የሳቀ ይከፍላል።

«በሉ፣ ስንት ዓይነት ነው ያላችሁ?» አልኩ።

ሦስት ነው አሉኝ፦ ዘፈን ብቻ ያለበት፣ ወሬና ዜና የተጨመረበት፣ ደግሞ ኳሱም ሁሉም ያለበት፣ በስልክም የሚሰማ። ሴትዮዋ ትልቁን ካልገዛችሁ አለች።

«ገበሬው ሰውዬ የትኛው ውስጥ ነው ያለው?»

«መካከለኛው ውስጥ አለ ትላለች።»

«እንግዲያ ኳሱን ለኳስ ተጫዋች ትስጥ። የመካከለኛው ስንት ነው?»

ለመጀመሪያው ዓመት በየወሩ የሚከፈለውን ዋጋ ጠራች። እኔ ዝም። ሌላ ሰው ለዝምታ ይቸገራል፣ እኔ ኑሮዬ ነው። ዝም ብዬ ጓሮዬን አየሁ። «አባቴ፣ አሉ?» ይላል ደላላው። «አለሁ» እላለሁ። እንደገና ዝም። ሴትዮዋ ቀነሰች። ዝም። ደግማ ቀነሰች!

ያን ጊዜ አፌን ከፈትኩ። በሬ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል። «ዓመቱ ሲሞላስ ዋጋው ምን ይሆናል?» አልኩ።

ደላላው ተረጎመ፣ እሷም ተራዋን ዝም አለች። ኋላ «ይጨምራል፣ እጥፍ ይሆናል ትላለች» አለኝ።

«ስለ እውነቷ አመስግንልኝ። ዓመት ሲሞላ እንደውላለን፣ ካልቀነሰች እንተወዋለን በላት።»

ገዛን። ደላላውን መርቄ ሸኘሁት፣ ምርቃቱንም ተረጎመው መሰለኝ፣ ሴትዮዋ አሜን የምትል መሰለች።

በማግስቱ መንገድ ጀመርን። ምሳ በላን፣ ኢንዲያና ገባን፣ ያው ቀጥ ያለ መንገድ መጣ። ሰውየው ስለ ላም መኖ ይቀባጥራል፣ እኔ ስህተቱን እየነቀስኩ ለብርሃኑ አስረዳለሁ፣ አስረዳለሁ፣ አስረዳለሁ። ልጄ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አባባ፣ በእግዜር፣ ትንሽ ዝም ይበሉ፣ ሰውየው የሚለውን ልስማው!»

እኔን! በዕድሜዬ እኔን ዝም በል ያለኝ ሰው አልነበረም፤ ምን ተናግሬ! ዞር ብዬ ሳየው ዓይኑ ቁልጭ ብሏል፣ ይስቃል። ዝም አልኩለት? አላልኩም። እንደተጨቃጨቅን ኢሊኖይ ገባን።